የዋልት ዲዝኒ የሕይወት ታሪክና በስሙ የተተከሉት መናፈሻዎች

ሰው ከድካሙ የሚያርፍበትና ከልጆቹ ጋራ የሚደሰትበት ቦታ መፈለጉ በየአገሩ ሁሉ ያለ ነገር ነው። እኛም በሐይቅና በአምባሰል የምንኖር ተማሪዎች ይህን በዓይናችን እናየዋለን። በበዓልና በዕረፍት ቀን ሰዎች ቤተ ሰቦቻቸውን ይዘው ከደሴና ከሌላም ስፍራ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፤ ዓሣ ይበላሉ፤ ንጹሕ አየር ይቀበላሉ፤ ሲመሽም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ እንደ ተራ ጨዋታ የሚቈጥር ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ከዚሁ ከሰው የዕረፍት ፍላጎት ተነሥቶ በአሜሪቃ፣ በጃፓን፣ በፈረንሳይና በቻይና ከተማ የሚያክሉ መናፈሻዎች እንዲተከሉ ምክንያት የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ዋልት ዲዝኒ ይባላል።

ይህ ሰው ከሞተ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን በስሙ የሚጠራው ኩባንያ አንዱን ሐሳብ ወደ ብዙ አገር ሲያሻግር አንዳንድ ጊዜ ተሳክቶለታል፤ አንዳንድ ጊዜም በብርቱ ተሰናክሏል። የተሳካበትንና የተሰናከለበትን ምክንያት ማወቅ ሐይቅን ለሚያህል ውብ አገር ልጆች ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የሰውዬውን ሕይወትና መናፈሻዎቹን እያነጻጸርሁ በአጭሩ እጽፋለሁ። ዘመናቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ዋልት ዲዝኒ በዲሴምበር 5 ቀን 1901 ዓ.ም. በአሜሪቃ አገር በቺካጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤልያስ ዲዝኒ በካናዳ የተወለደ፣ ሥራ ወዳድና በልጆቹ ላይ ጥብቅ ሰው ነበረ፤ እናቱ ፍሎራ ትባል ነበር። ዋልት አራተኛ ልጅ ሲሆን ሦስት ታላላቅ ወንድሞችና አንዲት ታናሽ እኅት ነበሩት። ከወንድሞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው በስምንት ዓመት የሚበልጠውን ሮይን ነበር። ይህ ሮይ እስከ መጨረሻው የሥራ ባልደረባው ሆኖ ስለሚገኝ አንባቢ ስሙን ቢያስታውስ መልካም ነው።

በ1906 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ከቺካጎ ወጥቶ በሚዙሪ አውራጃ ማርሰሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደና በአጠገቧ እርሻ ገዝቶ ተቀመጠ። ማርሰሊን የባቡር መንገድ የሚያልፍባት፣ ሱቆቿ በአንድ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩ፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅባት የገጠር ከተማ ነበረች። ዋልት በዚያ ከብቱንና አሳማውን እያየ፣ በዛፍ ጥላ ሥር እየተቀመጠ እንስሳትን መሣል ጀመረ። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ሽማግሌ ሐኪም የፈረሱን ሥዕል እንዲሥልለት ጠይቆት ስለ ሣለለት ገንዘብ ሰጠው ይባላል። አጎቱም ባቡር ነጂ ስለ ነበረ ልጁ የባቡር ፍቅር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አደረበት። በማርሰሊን የተቀመጠው አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ያ አምስት ዓመት በልቡ ውስጥ ዕድሜውን ሁሉ ኖረ።

ከዚህ በኋላ አባቱ ታመመና እርሻው ተሸጠ። በ1911 ዓ.ም. ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደው አባቱ ጋዜጣ የማደል ሥራ ያዘ፤ ሥራውን ግን የሚሠሩት ልጆቹ ነበሩ። ዋልት ገና በዐሥር ዓመቱ ሌሊት እየተነሣ፣ በክረምት እስከ ጕልበቱ በሚደርስ በረዶ ውስጥ እየተራመደ ጋዜጣውን በየደጃፉ ያደርስ ነበር። አባቱ ለዚህ ሥራ ደመወዝ አይሰጠውም ነበር። ልጁም ከድካሙ ብዛት የተነሣ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ውሃ ቀድተው፣ ከብት አሰማርተው ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡ የአገራችን ልጆች ይህን ነገር ለማስተዋል አስረጂ አያስፈልጋቸውም።

በ1917 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ወደ ቺካጎ ተመለሰ። በዚያም ዋልት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ቀን ይማራል፤ ለትምህርት ቤቱ መጽሔት ሥዕል ይሥላል፤ ማታ ደግሞ ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት ይሄዳል። ነገር ግን ትምህርቱን አልፈጸመም። በ1918 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል፣ ዕድሜው ለወታደርነት ስላልደረሰ የልደቱን ዘመን በወረቀት ላይ ለውጦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነጂ ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። እዚያ ሲደርስ ጦርነቱ አልቆ ነበረ፤ እርሱም አንድ ዓመት ያህል አገልግሎ ተመለሰ።

ውድቀቱና መነሣቱ

ከፈረንሳይ እንደ ተመለሰ በካንሳስ ሲቲ የማስታወቂያ ሥዕል በመሣል ሥራ ጀመረ። እዚያም አብ አይወርክስ ከሚባል እጁ ከተባረከ ሠዓሊ ጋራ ተዋወቀ። በ1922 ዓ.ም. የካርቱን ፊልም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አቋቋመ። ዳሩ ግን ገንዘቡን በጊዜው ሊያገኝ ስላልቻለ በ1923 ዓ.ም. ድርጅቱ ከሰረና ተዘጋ። በዚያን ጊዜ የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጥቶ በቢሮው ውስጥ ያድር ነበር። በዚያው ዓመት 40 ዶላር ብቻ በኪሱ ይዞ በባቡር ወደ ሆሊውድ ሄደ።

ወንድሙ ሮይ በሳንባ በሽታ ምክንያት እዚያው አካባቢ በሆስፒታል ይታከም ነበርና ሁለቱ ተገናኝተው በኦክቶበር 16 ቀን 1923 ዓ.ም. የዲዝኒ ወንድማማች የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ዋልት ሐሳብ ያፈልቃል፤ ሮይ ሒሳብ ይይዛል። በ1925 ዓ.ም. ዋልት በድርጅቱ ውስጥ ትሠራ የነበረችውን ሊሊያን ባውንድስን አገባ።

በ1928 ዓ.ም. ሌላ መከራ መጣበት። ዋልት የፈጠረው ኦስዋልድ የተባለ ጥንቸል በካርቱን ፊልም ታዋቂ ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን በውሉ መሠረት የስሙ ባለቤት አከፋፋዩ ስለ ነበረ ጥንቸሉን ወሰደበት፤ ከሠዓልያኑም የሚበዙትን አስኮበለለበት። ዋልት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራውን ነገር የባለቤትነት መብት ለማንም አሳልፎ ላለመስጠት ቈረጠ። ዛሬ ኩባንያው በዓለም ሁሉ ስሙንና ሥዕሎቹን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅበት አንዱ ምክንያት ይህ የቈየ ቍስል ነው።

በጥንቸሉ ፈንታ ከአይወርክስ ጋራ ሆኖ ሚኪ ማውስ የሚባለውን አይጥ ፈጠረ። በኖቬምበር 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ሚኪ ከድምፅና ከሙዚቃ ጋራ ተዋሕዶ በኒው ዮርክ በታየ ጊዜ ሰው ሁሉ ተደነቀ። የአይጡንም ድምፅ ለብዙ ዓመት ያሰማ የነበረው ዋልት ራሱ ነው። በ1937 ዓ.ም. ስኖው ዋይት የተባለውን ረጅም የካርቱን ፊልም አወጣ። ይህን ፊልም ሲጀምር ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ካርቱን አይመለከትም፣ ገንዘቡም ይጠፋል እያሉ ብዙዎች አሹፈውበት ነበር፤ ፊልሙ ግን እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገባ።

የሰውን ታሪክ ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መርጠን ብንጽፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ዋልት አባቱን የሚያህል ጥብቅ አሠሪ ነበረ። በ1941 ዓ.ም. ሠዓልያኑ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ማኅበራቸው መብት የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉ ጊዜ ነገሩን እንደ ክሕደት ቈጠረው። አድማው ብዙ ሳምንት ቈይቶ በስምምነት ቢያልቅም በእርሱና በሠራተኞቹ መካከል የነበረው የቤተ ሰብ ፍቅር አልተመለሰም። ለዓለም ልጆች ደስታን ያመጣ ሰው በራሱ ቤት ውስጥ ያሉትን ማስደሰት አቅቶት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

የመጀመሪያው መናፈሻ

ዋልት ዳያንና ሻሮን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። በዕረፍት ቀን ወደ ሎስ አንጀለስ መናፈሻ ይወስዳቸዋል፤ እነርሱ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ሲጫወቱ እርሱ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ንጹሕ ቦታ ለምን አይኖርም የሚል ሐሳብ በዚያ አደረበት።

ሐሳቡን ሲገልጽ ባንኮቹ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ሮይም አመነታ። ዋልት በሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ ተበደረ፤ የዕረፍት ቤቱን ሸጠ፤ በመጨረሻም ከአንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋራ ተዋውሎ ገንዘብ አገኘ። በካሊፎርኒያ አናሃይም በምትባል ከተማ 160 ኤከር፣ ማለት አንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ የብርቱካን እርሻ ተገዛ። ሥራው በ1954 ዓ.ም. ተጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ አለቀ፤ ወጪውም 17 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

ዲዝኒላንድ በጁላይ 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ተከፈተ። በዓሉን በቴሌቪዥን ካስተዋወቁት ከሦስቱ ሰዎች አንዱ በኋላ የአሜሪቃ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነበር። ቀኑ ግን የመከራ ቀን ሆነ። በሐሰት የታተመ ቲኬት የያዘ ብዙ ሰው ገባ፤ ከሙቀቱ ጽናት የተነሣ አዲሱ አስፋልት እየለሰለሰ የሴቶቹን ጫማ ያዘ፤ የቧንቧ ሠራተኞች አድማ አድርገው ስለ ነበረ የመጠጥ ውሃ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ በቈረጠ ነበር፤ እርሱ ግን ጕድለቱን እየመዘገበ ያርም ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ሰው ገባ።

አሁን የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ወደ ሆነው እንመጣለን። ወደ ዲዝኒላንድ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አንድ አውራ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙ ትናንሽ ሱቆች ናቸው፤ በዙሪያው የእንፋሎት ባቡር ይዞራል። ይህ መንገድ ማርሰሊንን መነሻ አድርጎ የተሠራ ነው። የጎዳናው ፎቆች ወደ ላይ ሲወጡ ከተለመደው መጠን እያነሡ ስለሚሄዱ ሕንፃዎቹ ለዓይን ረጅም ሲመስሉ ሰውን ግን አያስፈሩም። በጎዳናው መጨረሻ የተረት ግንብ ቆሟል። ይህ ሁሉ ዋልት ከአምስት ዓመት የልጅነት ዘመኑ ያወጣው ስንቅ ነው።

ፍሎሪዳና የዋልት ሞት

በአናሃይም ከመናፈሻው አጥር ውጭ የሌሎች ሰዎች ሆቴሎችና ሱቆች በብዛት ስለ በቀሉ ዋልት ጥቅሙም ውበቱም ከእጁ እንደ ወጣ አየ። ስለዚህ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ ስሙን ሸሽጎ በሌሎች ድርጅቶች ስም 27 ሺሕ ኤከር ያህል መሬት አስገዛ። ይህም የሐይቃችን ውሃ ከሚሸፍነው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አምስት እጅ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በዚያም ላይ ከመናፈሻው ሌላ ሰዎች የሚኖሩባትን የወደፊት ከተማ ለመሥራት አሰበ።

ዳሩ ግን ሐሳቡ ሳይፈጸም በሳንባ ካንሰር ታሞ በዲሴምበር 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ65 ዓመቱ ሞተ። ብዙ ሲጃራ ያጤስ ነበር። ሮይ በዚያን ጊዜ ከሥራ ለመገለል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን የታናሽ ወንድሙን ሐሳብ ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ አልወደደም። አምስት ዓመት ደክሞ በኦክቶበር 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የፍሎሪዳውን መናፈሻ ከፈተና የወንድሙ ሙሉ ስም እንዲጠራበት አደረገ። ከሦስት ወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ሮይም ሞተ። የዋልት የመኖሪያ ከተማ ግን አልተሠራችም፤ በስሟ በ1982 ዓ.ም. የተከፈተው ኤፕኮት መናፈሻና ኤግዚቢሽን ነው። ዛሬ በፍሎሪዳ አራት ትልልቅ መናፈሻዎችና እጅግ ብዙ ሆቴሎች ይገኛሉ፤ በስፋት የሚወዳደረው የዲዝኒ መናፈሻ የለም።

መናፈሻዎቹ በሌላ አገር

ዋልት በሕይወቱ ያየው የአናሃይሙን ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ ኩባንያው ባሕር ተሻግሮ በአራት ስፍራ መናፈሻ ተክሏል።

የመጀመሪያው በጃፓን ነው። የቶክዮ ዲዝኒላንድ በኤፕሪል 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ከቶክዮ አጠገብ በኡራያሱ፣ ባሕሩን በአፈር ደልድለው ባወጡት መሬት ላይ ተከፈተ። የቦታውና የሕንፃው ባለቤት ኦሪየንታል ላንድ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ለዲዝኒ የሚከፍለው ስለ ስሙና ስለ ሥዕሎቹ የሚገባውን ድርሻ ነው። ጃፓኖች የአሜሪቃውን ነገር እንዳለ ፈለጉት፤ ነገር ግን አገሩ ዝናብ ስለሚበዛበት አውራ ጎዳናውን በመስተዋት ጣራ ከደኑት። በንጽሕናውና በሠራተኞቹ ትሕትና እስከ ዛሬ የተመሰገነ ነው። በማርች 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ታላቁ የምድር መናወጥ በደረሰ ጊዜ ሠራተኞቹ እንግዶችን ከሱቁ ባወጡት አሻንጉሊት ራሳቸውን እንዲከልሉ አድርገው፣ ብስኩትና ከረሜላም በነጻ አድለው፣ መሄጃ ያጣውን ብዙ ሺሕ ሰው እዚያው አሳደሩት። በ2001 ዓ.ም. ከአጠገቡ ስለ ባሕር ጕዞ የሚተርክ ሁለተኛ መናፈሻ ተከፍቷል።

ሁለተኛው በፈረንሳይ ነው። ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ርቆ በማርን ላ ቫሌ በኤፕሪል 12 ቀን 1992 ዓ.ም. ዩሮ ዲዝኒ በሚል ስም ተከፈተ። የቶክዮው መልካም ውጤት ኩባንያውን አኵርቶት ነበር። ፈረንሳዮች ከምሳቸው ጋራ የወይን ጠጅ እንደሚወዱ እየታወቀ በመናፈሻው ውስጥ መጠጥ ተከለከለ፤ የሆቴሎቹ ዋጋ ውድ ሆነ፤ ብዙ ሊቃውንትም መናፈሻው የፈረንሳይን ባህል ያበላሻል እያሉ ተቃወሙ። እንግዳው እንደ ታሰበው ስላልመጣ ዕዳው ተቈለለ፤ ሊዘጋ ይችላል እስከ መባል ደረሰ። በ1993 ዓ.ም. የወይን ጠጅ ተፈቀደ፤ በ1994 ዓ.ም. ዕዳው ተስተካክሎ አንድ የሳውዲ ዓረቢያ ልዑል ገንዘብ አገባ፤ ስሙም ዲዝኒላንድ ፓሪስ ተባለ። በ1995 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ አገኘ። ስለ ውበት የሆነ እንደ ሆነ ግን ይህን የሚበልጥ የለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ስለ ብርዱ በጎዳናው ግራና ቀኝ የተከደነ መተላለፊያ ተሠርቶለታል፤ ከግንቡም ሥር ሕፃናት የሚገረሙበት ዘንዶ ተኝቷል።

ሦስተኛው በሆንግ ኮንግ በላንታው ደሴት በሴፕቴምበር 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ተከፈተ። ከግማሽ የሚበልጠው ድርሻ የአገሩ መንግሥት ነው። ከፓሪስ ስሕተት ተምረው ፈንግ ሹይ የሚባለውን የቻይና የቦታ አመራረጥ ልማድ የሚያውቅ ሰው አማከሩና የመግቢያውን በር በ12 ዲግሪ አዞሩት። መናፈሻው ግን ሲከፈት እጅግ ትንሽ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ቅር አለው፤ ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ሰፋ፤ ግንቡም በ2020 ዓ.ም. ከፍ ብሎ እንደ ገና ተሠራ።

አራተኛው በሻንግሃይ በጁን 16 ቀን 2016 ዓ.ም. የተከፈተው ሲሆን 5.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል። ከመቶው 57 እጅ የቻይና መንግሥት ድርጅቶች፣ 43 እጅ የዲዝኒ ነው። በዚህ መናፈሻ የማርሰሊን ጎዳና የለም፤ የሚዞረውም ባቡር ቀርቷል። የቻይና ልጆች ስለ አሜሪቃ የገጠር ከተማ ትዝታ የላቸውምና በስፍራው ሚኪ የሚኖርበት መንገድና የቻይናን የዘመን አቈጣጠር ዐሥራ ሁለት እንስሳት የሚያሳይ አትክልት ቦታ ተሠራ። ግንቡ ከዲዝኒ ግንቦች ሁሉ ይረዝማል።

በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው በአቡ ዳቢ ሌላ መናፈሻ እንደሚከፈት አስታውቋል፤ የሚሠራውም ባለቤቱም የአገሩ ድርጅት ነው ተብሏል።

እነዚህን ስናነጻጽር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። ግንቡ፣ ሚኪና ንጽሕናው በሁሉም ስፍራ አንድ ነው። የሚለያቸው የአየሩን ጠባይ፣ የሕዝቡን ልማድና የባለቤትነቱን ድርሻ እንዴት እንደ ያዙት ነው። የቶክዮው የአገሩ ሰዎች ሀብት ሆኖ በአገሩ ሰዎች ትጋት ስለ ተያዘ ጸና፤ የፓሪሱ የባለ አገሩን ጠባይ ሳያጠና ስለ ገባ ተፈተነ፤ የሻንግሃዩ ባለ አገሩን አስቀድሞ ስለ ጠየቀ የራሱን መልክ አገኘ። ነገሩ በእኛ በአምባሰል ቅኝት ሊመሰል ይችላል፤ ቅኝቱ አንድ ነው፤ ዜማው ግን እንደ ዘፋኙና እንደ አገሩ ይለያያል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በአገራችንም በአንድ ስም በየሐይቁ ዳር የሚሠሩ መዝናኛዎች አሉ። ኩሪፍቱ የተባለው ድርጅት ስሙን የወሰደው በቢሾፍቱ ካለው ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ያንኑ ስም ይዞ እስከ ባሕር ዳር ጣና ዳር ደርሷል። ስመ ጥሩው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በ2010 ዓ.ም. ከጀመሩ በኋላ በአርባ ምንጭ፣ በጎንደርና በሌላም ስፍራ ሠርተዋል። ስለዚህ በአንድ ስም በብዙ ቦታ መሥራት ለኢትዮጵያ ልጅ የማይቻል ነገር አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሐይቅ ሰው ከአንድ ቤት ብዙ ቤት ሲወጣ ያየው ዛሬ አይደለም። በ13ኛው ምእት ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት ወደየአገሩ ተበትነው ገዳማትን መሥርተዋል። ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ሄደው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ተከሉ። ጸሎትና ጨዋታ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቤት ያስተማረው ነገር ሥሩን ሳይለቅ በሌላ መሬት ላይ እንዴት እንደሚበቅል ምስክሩ በደጃችን መኖሩን ለማመልከት ነው።

ነገ በሐይቃችን ዳር ትልቅ መናፈሻ ልሥራ የሚል ሰው ቢመጣ የምንጠይቀውን ጥያቄ ከእነዚህ አገሮች ታሪክ ልንማር እንችላለን። የቦታው ባለቤት ማን ይሆናል? ሠራተኞቹስ ከየት ይመጣሉ? ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያቆምበት፣ ገበሬው ከብቱን የሚያጠጣበት ዳርቻ ይቀርለታል ወይ? የገዳሙ ጸጥታ ይጠበቃል ወይ? የመግቢያው ዋጋስ የሐይቅ ልጅ የሚችለው ይሆናል? ዲዝኒላንድ ሲከፈት የመግቢያው ዋጋ አንድ ዶላር ነበረ፤ ዛሬ ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር ይበልጣል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ይሁን ብሎ የተነሣው ሰው ሐሳብ ለብዙ ድኻ ወላጆች እንደ ተዘጋ በር መሆኑን ማየት ያሳዝናል።

ዋልት ዲዝኒ ትምህርቱን ያልፈጸመ፣ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን የቀረ፣ በሠራተኞቹም ዘንድ ነቀፋ ያልጠፋበት ሰው ነበረ። ነገር ግን ያደገባትን ትንሽ ከተማ አልናቃትም። ሰው ሁሉ በባቡር የሚያልፋትን ማርሰሊንን እርሱ አክብሮ ስለ ያዛት ዛሬ ሚሊዮኖች በምሳሌዋ ጎዳና ላይ ይራመዳሉ። እኛም ይህን ትምህርት ቤት ጨርሰን ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር በምንሄድበት ጊዜ ሐይቁን፣ የአምባሰልን ተራራና የአያቶቻችንን ተረት ከስንቃችን ጋራ ይዘን እንሂድ። አንድ ቀን ከእኛ መካከል የሚሠራ ሰው ቢገኝ የሚሠራበት ድንጋይ ከዚህ የሚወጣ ነው።